ሁለቱ ትርፍ ምቶች

ጁላይ 7፣ እሁድ

ከርዊን ወንድሜ፣ የፓን መምቻዎችህን ወስጃለሁ። ጫፋቸው ላይ ቀይ ላስቲክ የጠቀለልክባቸውን። ጆሮዬን መጎተት እንደሚያምርህ አውቃለሁ፤ ግን የእኔዎቹ ለዚህ ሥራ በጣም ይቀልላሉ፣ አንተ ደግሞ ሰሞኑን አልፈለግሃቸውም።

ፓኖቻችን፣ እነዚያ ከበርሜል ተቀጥቅጠው የወጡ የብረት ከበሮዎች፣ የሚያድሩበት ግቢ ዛሬ ተከፈተ። ሚስ ቨርና እንደ ልማዳቸው ቁልፉን ረስተው መጡ። ልጃቸው ከቤት እስኪያመጣው ድረስ በሩ ላይ ቆመን ሽንብራ የተሞላ ደብልስ በላን። ከዚያ ለነፍስህ ጸሎት አደረጉ፤ ረጅም ጸሎት። አንተ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ነው ሳቅህ የሚመጣው። እኔንም ሊያመልጠኝ ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ በጎን እኔን ያያል፤ እኔ ቀና ስል ሁሉም ጫማውን ያያል።

ከጸሎቱ በኋላ ችግሩ ተነሣ። የዘንድሮውን ሙዚቃ አጎት ሉድሎ በፋሲካ ከትሪኒዳድ መጥተው ለየረድፉ አለቃ በጆሮ ሰጥተው ሄደዋል። ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ለአጎት ቦይሲ፣ መካከሉን ለሚስ ቨርና፣ ቴነሩን፣ ማለት ዋናውን ዜማ፣ ለአንተ። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ስልክ አውጥቶ የቀረጸ ከግቢ ይባረራል፤ ዛሬ የተቀረጸውን ነገ ዩቲካ ጎዳና ያሉት ተፎካካሪዎቻችን ይመቱታልና። ስለዚህ ቴነሩ ያለው አንተ ዘንድ ብቻ ነው ብለው ተጨነቁ።

እኔ ዘንድም አለ። ኤፕሪልን ሙሉ በመስኮታችን በኩል ባለው የብረት ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ አንተ ፓኑ ላይ፣ እኔ ትራሱ ላይ እየመታን፣ የሰጠኸኝን ነው የምልህ።

ሚስ ቨርና ትሪኒዳድ፣ ፖርት ኦፍ ስፔን ደወሉ፣ ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍተው። አጎት ሉድሎ «ልጁ ይዞታል?» አሉ።

«ይዤዋለሁ» አልኩ፣ ማንም ስልኩን ሳይሰጠኝ።

«እንግዲያው ያለውን ይስጣቸው። ቀሪውን ኦገስት ላይ ይዤ እመጣለሁ።»

የቴነር አለቃ ሆኛለሁ፣ ከርዊን። በአሥራ ስድስት ዓመቴ። ማንም አልሳቀም። ከአንተ ጎን ስትመታ የኖረችው፣ በሰው መሳቅ የማይሰለቻት ጂዜል እንኳ አልሳቀችም።


ጁላይ 9፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። የመጀመሪያው ልምምድ ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ። ሃያ ሰው እጄን እያየ ሲመታ ታውቀዋለህ? ታውቀዋለህ እንጂ።

ጂዜል «አለቃ» ትለኛለች። መጀመሪያ ቀልድ ነበር።


ጁላይ 14፣ እሁድ

ዛሬ ደረጃው ጋ ደረስን። ዜማው ከላይ እየዘለለ ወርዶ የሚያርፍበትን ቦታ እኔና አንተ «ደረጃው» እንለው የለ? አሁን ግቢው ሁሉ ደረጃው ይለዋል። ከማረፉ በፊት ያሉትን ሁለት ፈጣን ምቶች፣ ታክ‑ታክ፣ ልክ እንዳሳየኸኝ አሳየኋቸው። ለብዙዎቹ ከበደ። «ሳትቸኩሉ ቸኩሉ» አልኳቸው። የአንተ ቃል ነው፤ እንደራሴ አድርጌ ተናገርኩት።

አጎት ቦይሲ ብቻ ናቸው የሚያስቸግሩት። በስድስት ሙሉ በርሜል ተከበው እንደ ንጉሥ ቆመው፣ ደረጃው ጋ በደረስን ቁጥር ያቆሙናል።

«ጎረምሳው፣ እኔ ሙሉ ዕድሜዬን አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሰው ሳይሳፈር በር ዘግቼ አላውቅም። እዚህ ቦታ ላይ ግን በሩን በሰው እግር ላይ እያስዘጋኸኝ ነው።»

«አጎቴ፣ እርስዎ ስለሚቸኩሉ ነው።»

«እኔ? ቸኩዬ? ሚስቴ ይህን ብትሰማ ደስታዋን አትችለውም።»

ግቢው በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እውነቴን ነው፣ ቤዞቹ ይቸኩላሉ። አርጅተዋል፣ ቶሎ ወደ ቤት መሄድ ይፈልጋሉ። ከአጎት ቦይሲ ጋር ለብቻቸው መነጋገር ሳይኖርብኝ አይቀርም። በአክብሮት።


ጁላይ 19፣ ዓርብ

እናታችን አሁንም ወደ ሥራ አልተመለሰችም። የምትንከባከባቸው አሮጊት ሴትዮ በየቀኑ ይደውሉላታል፤ የተተካችላቸው ልጅ ሾርባውን ታቀጥንብኛለች ይላሉ። እናታችን «እሺ፣ እሺ፣ በቅርቡ» ትልና ትዘጋዋለች።

ሌሊት ሌሊት የእኔንና የአንተን ክፍል በር ከፍታ ትቆማለች። የተኛሁ ይመስላታል። ትንፋሼን ነው የምትሰማው። ስለዚህ እኔ ድምፅ እያሰማሁ እተነፍስላታለሁ፤ ረጋ ባለ ምት፣ አንድ አስገባ፣ አንድ አውጣ። ሲበቃት ትሄዳለች።

በሜይ በዚያች ሌሊት እሷ አሮጊቷ ዘንድ አዳሪ ነበረች። የአስም ፓምፕህ መሬት ወድቆ ነው የተገኘው። እኔ እዚሁ ክፍል ተኝቼ ነበር። ይህ ልጅ ጆሮ አለው ይሉኛል። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምጽፈው የለም።


ጁላይ 27፣ ቅዳሜ

በቂጣ የተጠቀለለ ካሪ ልገዛ ሮቲ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦ «የከርዊን እጅ ልጁ ላይ ቀርቷል። ግቢው አጥር ላይ ቆሜ ስሰማ እሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።»

ዞር አላልኩም። ሮቲዬን ተቀብዬ መንገዱን ሁሉ በረርኩ። መልስ ረስቼ ወጣሁ።

ሙቀቱ አይቻልም። አጎት ቦይሲ ስለ ደረጃው ማማረር ትተዋል። በመጨረሻ ገባቸው።


ኦገስት 5፣ ሰኞ

አጎት ሉድሎ መጡ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣቸውን እንደጎተቱ ቀጥታ ወደ ግቢ። ሁላችንንም ስማችንን ጠርተው ሳሙን፣ እኔን ትንሽ ረዘም አድርገው ያዙኝ፣ ከዚያ አንድ በርሜል ገልብጠው ተቀመጡና «አሰሙኝ» አሉ።

ጀመርን። እግራቸው መታ፣ ራሳቸው ተወዛወዘ። በልቤ «ተመልከት ከርዊን» እላለሁ። ደረጃው ጋ ስንደርስ እጃቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ማነው እዚህ ጋ የሚያነክሰው?»

አጎት ቦይሲ የበርሜላቸውን ጠርዝ በመሐረብ መወልወል ጀመሩ፤ በሕይወታቸው ወልውለውት አያውቁም። ጂዜል ጫማዋን እያሰረች ነው፤ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው።

ቤዙን ለብቻው አስመቱ። መካከሉን ለብቻው። ከዚያ ቴነሩን። አንድ ጊዜ ሰሙን፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዕረፍት። አንተ ከእኔ ጋር ና።»

ከኋላ፣ ያልተሠሩት በርሜሎች የተከመሩበት ጋ ሄድን።

«እነዚያን ሁለት ምቶች እኔ አልሰጠሁም» አሉ።

«ከርዊን ነው የሰጠኝ።»

«አውቃለሁ። ፋሲካ ላይ ሲያደርገው እጅ ከፍንጅ ይዤው ነበር። አውጣው አልኩት፣ እሺ አለኝ። ያ ልጅ እሺ ያለህ ዕለት ነው መፍራት።» ፈገግ አሉ፣ ፈገግታው ግን አልቆየም። «እጁ ነው። ደስ ሲለው እጁ ይጨምራል። አንተ አልተሳሳትክም፤ የተሰጠህን አንድ ሳታጎድል ሰጥተሃል። እንደ አንተ ያለ ጆሮ ብዙ አላየሁም።»

«ታዲያ ቤዙን ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት፣ ይጠብቀን።»

«እችላለሁ።»

«እና?»

«ቤዙን ካንቀሳቀስኩ መካከሉን አንቀሳቅሳለሁ፣ ከዚያ መጨረሻውን። በመጨረሻ ሙዚቃው ስለ ወንድምህ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ግን ከሥራ በቀጥታ፣ እግራቸው አብጦ፣ እዚህ የሚመጡት ሙዚቃ ሊመቱ ነው።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እኔ አላወጣውም። ያስገባኸው አንተ ነህ፤ የምታወጣውም አንተ ነህ። አለቃ ማለት ይኸው ነው።»

ከርዊን፣ ስህተት ነው አሉ። ሃያ ሰው ስህተትህን በቃሉ ይዞታል። በዓለም ላይ ከአንተ እጅ የቀረውን ነገር እኔ ራሴ እንድነቅል ነው የሚፈልጉት።

አላወጣውም።


ኦገስት 6፣ ማክሰኞ

አላወጣሁትም። አዲሱን ክፍል ሲሰጡን ቶሎ ያዝኩት፤ ከሁሉም ቀድሜ። ይዩት። ደረጃው ጋ ስንደርስ አጎት ሉድሎ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ። መናገር ነበረባቸው።


ኦገስት 10፣ ቅዳሜ

ጂዜል ከልምምድ በኋላ የቤታችን መግቢያ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሞቢ፣ ያን የዛፍ ቅርፊት መጠጥ፣ ገዝታ ነበር፤ መራራውን እንደማልወድ እያወቀች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«የትኛውን?»

«ሁለቱን ትርፍ ምቶች።»

«ስንት ዓመት አጠገቡ ቆሜ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ጁላይን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«እያስተማርክ ነበራ፣ አለቃ። ፊትህን መስታወት ላይ አላየኸውም።» ሞቢዋን ጎንጨት አለችና፣ «እኔን ቀና ብሎ ሲያይ ነበር የሚያደርገው። ለእኔ ብሎ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር» አለች።

«ኧረ ለእኔም የብረት ደረጃችን ላይ ሁልጊዜ ያደርገው ነበር» አልኳት።

«እንዴ፣ አዎ። ለካ ለሁሉም ነው።» ሳቀች፣ የቀረውን ሞቢ አስፋልቱ ላይ ደፋችውና ሄደች። ደህና እደር እንኳ አላለችኝም። ምን እንዳስቀየምኳት አልገባኝም። ያልኩት እውነት ነው።


ኦገስት 17፣ ቅዳሜ

ቁጭ ብዬ በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ዛሬ ቀድሜ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ አንድ ቤዝ ይሰማል። አጎት ቦይሲ ብቻቸውን ናቸው። በርሜሎቹ መካከል ቆመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ በአፋቸው የእኛን ዜማ ያንጎራጉራሉ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ «ታክ‑ታክ» ይላሉ በአፋቸው፣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይመታሉ። እየጠበቁን ነው። ሊያስተካክሉልኝ ነው። ግን አንዴ ስለዘገዩ ቀጣዩ ይሳሳትባቸዋል፣ ያን ሲያርሙ የሚከተለው ይጠፋባቸዋል። ቆሙ። ላባቸውን ጠረጉ። እንደገና ከመጀመሪያው። ጁላይ ላይ ማማረር የተዉት ገብቷቸው አልነበረም።

ሚስ ቨርና ከጓዳው ወጡ። ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

«ቦይሲ፣ ደህናውን ቤዝህን እያበላሸኸው ነው።»

«ልጁ ይፈልገዋል።»

«ውድድሩስ?»

«ተሸንፈን አናውቅም? እኔ በበኩሌ ተሸንፌ እንቅልፌን ጥግብ አድርጌ እተኛለሁ። ይለፍለት፣ ቨርና። ዘንድሮን ይለፍለት።»

«ሉድሎስ?»

«ሉድሎ ይቆጣል፣ ይበርዳል። ለሃያዎቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ ማንም ልጁን እንዳይናገረው።»

ከበሩ ተመልሼ እስከ ኖስትራንድ ጥግ ድረስ ሄድኩ። እየተናደድኩ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሃያ ሰው ጁላይን ሙሉ እጄን ሲያይ የነበረው ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጎበዝ ነኝ ደግሞ። አጎት ሉድሎ ብለዋል። ግን እያዩ የነበረው እጄን ብቻ አልነበረም። ሰው የሚያዝንለት አለቃ ምን ዓይነት አለቃ ነው? አንተን ማንም አዝኖልህ አያውቅም። ሲሳሳቱ ትጮህባቸዋለህ፣ ስትሳሳት ይጮኹብሃል፣ ከዚያ አብራችሁ የፔላው ሩዝ ትበላላችሁ።

እኔ ላይ ማንም አልጮኸም። ጁላይ ሲያልቅ ማወቅ ነበረብኝ።


ኦገስት 19፣ ሰኞ

አወጣሁት።

እንዲህ ነው ያደረግኩት። ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ የረድፌ ፊት ቆምኩ። ትልቅ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋኝ። «ደረጃው ላይ ያሉት ሁለት ምቶች የከርዊን ናቸው፣ የሙዚቃው አይደሉም» አልኩ። «አንድ ጊዜ እሱ እንደሚመታው እንምታው። ከዚያ ለእሱ እንተወዋለን።»

መታነው። ሃያ ሰው፣ አንድ እጅ። ከግቢው ውጭ ያለችው የበቆሎ ሻጭ ቀና አለች። ጂዜል ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«አሁን ያለ እነሱ።»

የመጀመሪያው ሙከራ አስቂኝ ነበር፤ ግማሹ አወጣ፣ ግማሹ አላወጣም፣ ሰሃን ከደረጃ ላይ የወደቀ ይመስላል። ሦስተኛው ላይ ግን ጠራ። ከኋላ አጎት ቦይሲ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«ጎረምሳው፣ በሩን ልዝጋ?»

«ይዝጉ አጎቴ።»

ዘጉት። ቤዙ ከሥር ገብቶ እንዴት እንደተቀመጠ።

ከዚያ አጎት ሉድሎ ተነሡና «ቴነሮች፣ መካከሉ ላይ ተኝታችኋል! አለቃችሁ የት ነው ያለው?» ብለው ጮኹብኝ። በሰው ሁሉ ፊት። እስካሁን ደስ እንዳለኝ ነው።


ኦገስት 25፣ እሁድ

የማይታዘዘው የእኔ እጅ ሆኖ ተገኘ። ሃያዎቹ በአንድ ምሽት ረሱት። እኔ ገላዬን ስታጠብ ግድግዳው ላይ፣ ባቡር ውስጥ ጉልበቴ ላይ፣ ደረጃው ጋ ስደርስ ታክ‑ታክ። ልምምድ ላይ ሃያ ሰው ንጹህ ሲወርድ የእኔ ብቻ ከመካከል ይወጣል። ማንም የማይሰማ መስሎ ይታየኛል፤ ጂዜል ግን በዓይኗ ትገላምጠኛለች።

ማታ እራት ላይ በሹካዬ ሰሃኑን እየመታሁ ነበር፣ ሳላውቀው። እናታችን እጇን ዘረጋች። አቁም የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«ቀስ አድርገህ» አለች። «እሱ ቀስ አድርጎ ነበር።»

ከዚያ ከካርኒቫሉ ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ሥራ እንደምትመለስ ነገረችኝ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው።

«ብቻህን ትችላለህ?»

«እኔ እኮ የቴነር አለቃ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«እችላለሁ» አልኳት። እችላለሁም።


ኦገስት 30፣ ዓርብ

ነገ ፓኖራማ፣ የባንዶቹ ውድድር፣ ነው። ካናቴራዎቹ መጡ፤ የእኔ ሰፊ ነው። ዝናብ ይዘንባል ይላሉ፣ አይዘንብም። እጄ ብዙውን ጊዜ ይታዘዛል። ነገ ይታዘዛል።

የሚያሳስበኝ ነገር የለም። ከአጎት ቦይሲ በስተቀር፤ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።


ሴፕቴምበር 1፣ እሁድ

ትናንትን ልጻፍ።

አልዘነበም። የፓኖቹን ማቆሚያዎች በጎማቸው እየገፋን ስንገባ ከፍላትቡሽ የመጣው ሰው ሁሉ ስማችንን ይጠራል። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው «ከርዊን!» ብሎ ጮኸ፤ ሰፊው ካናቴራ ነው ያሳሳተው። እጄን አወዛወዝኩለት። ምን ልበለው?

አጎት ሉድሎ የመነሻውን ብረት መቱ፣ ገባን። እንደ ትናንት መትተን አናውቅም፣ ከርዊን። ግቢ ውስጥ የነበረው ድካም፣ የአውቶቡስ ወሬ፣ ሁሉም የለም። አንድ ትልቅ ነገር ብቻ በጎማ እየሄደ ነው። ደረጃው ከሩቅ ይታየኝ ጀመር፤ እጄም አየው። ሊያደርገው እንደሆነ አወቅኩ። ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። አንዱን እጅ ብቻ ማስቆም አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለቱንም መምቻ ወደ ላይ አነሣሁና እዚያው ያዝኳቸው።

ያለ እኔ ወረዱ። ሃያ ሰው፣ ምንም ሳይንገዳገድ። ከሥር ቤዙ መጣና ተቀበላቸው። ከውስጥ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የራሴ እጅ ይከልለኝ ነበር። ትክክል ነበር። በጣም ያምር ነበር። ትንሽ አናደደኝ፣ ያን ያህል ማማሩ።

ከዚያ በሚቀጥለው ምት ገባሁ፣ እስከ መጨረሻው ቀጠቀጥኩት።

ሦስተኛ ወጣን። ዩቲካ ያሉት ሁለተኛ። አጎት ቦይሲ መሬት ቁጭ ብለው «ተሳፋሪ ሳልጥል ገባሁ» እያሉ ላገኙት ሰው ሁሉ ይናገራሉ። ጂዜል ግንባሬን ሳመችኝና «ላብህ ይሸታል አለቃ» አለች፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ የዶሮ ጥብሱ ጭስ ይሆናል።

አጎት ሉድሎ ማቆሚያውን አብረውኝ እየገፉ፣ «ደረጃው ላይ አልሰማሁህም» አሉ።

«አልነበርኩም።»

ትንሽ ገፋን።

«ጥሩ አድርገህ ነው ያልነበርከው» አሉ።


ሴፕቴምበር 3፣ ማክሰኞ

እናታችን ስትወጣ ጨለማ ነበር። በራችንን ከፍታ ቆመች። መተንፈስ ልጀምርላት ነበር፤ ተውኩት። «ነቅቻለሁ፣ ማሚ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። «መቼም ተኝተህ አታውቅም፤ እንደ ቤዝ ነው የምትተነፍሰው።» ሳቀች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ የውጭው በር ተዘጋ፣ የታችኛው በርም ተዘጋ።

ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ያስቀመጠችልኝን ቂጣና የደረቀ ዓሣ ቆሜ በላሁ። ሰሃኔን አጠብኩ። ከዚያ ፓኑን ይዤ በመስኮት ወደ ብረት ደረጃው ወጣሁ። መንገዱ ላይ የካርኒቫሉ ላባ ሁሉ በየጥጉ ተከምሯል፣ ጠራጊዎቹ ገና አልደረሱም። ሰው ሁሉ ተኝቷል።

የውድድሩን ሙዚቃ አልመታሁም። የማውቀውን ምንም አልመታሁም። ቀስ ብዬ፣ ማንንም እንዳልቀሰቅስ፣ እጄን ለቀቅኩት። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲሻገር ግራ እጄ ሳተና ያላሰብኩት ቦታ ወደቀ። ቆምኩ። እንደገና ሞከርኩ፣ እዚያው ወደቀ። የአጎት ሉድሎ አልነበረም። የአንተም አልነበረም፣ ከርዊን፤ አንተ ያንን በፍጹም አታደርገውም፣ ትስቅብኝ ነበር።

እንዳይጠፋብኝ፣ እስኪነጋ ድረስ፣ ደጋግሜ ሳትኩት።